ባኞ ለሌለው ቤት የባኞ ጨው

አንዲት ቅርጫት አለች። ታውቋታላችሁ። በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ተጠቅልላ፣ አናቷ ላይ ሪባን ታስሮባት፣ ሆዷ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ፈሳሽ፣ አንድ ከረጢት ጨው፣ እንደ ብርቱካን የተድበለበሉ ሁለት ኳሶች፣ አንዲት ትንሽ ሻማና የገላ መፈግፈጊያ መረብ ይዛ የምትዞር ቅርጫት። “የምትዞር” ያልኩት በምክንያት ነው። ከልደት ወደ ምረቃ፣ ከምረቃ ወደ ክርስትና ስትዞር ትኖራለች እንጂ ከፍቶ የሚጠቀምባት የለም። እኛ ቤት አንዷ ሁለቴ መጥታለች። ሁለተኛ ስትመጣ ያወቅናት፣ ባለቤቴ መጀመሪያ ለሰው ስትሰጣት ሪባኗ ላይ ረስታው የነበረው የልብስ ስፌት መርፌ እዚያው እንደተሰካ ስለነበረ ነው።

ለምን አትከፈትም? ቅርጫቷ የተሠራችው ባኞ ላለው ሰው ነዋ! እግሩን ዘርግቶ፣ ውሃ እስከ አንገቱ ሞልቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ለሚዘፈዘፍ ሰው። እስቲ ቁጠሩ፣ ከምታውቋቸው ቤቶች ስንቱ ጋ ነው ባኞ ያለው? የእኛ ኮንዶሚኒየም ሻወር ሰው ቆሞ ሲታጠብ ክርኑ በር የሚያንኳኳባት ናት። ግቢ ውስጥ ላለ ቤት ደግሞ ሳፋና ጆግ አለለት። ባኞ ያላቸውም አሉ፣ አልክድም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤት አለ፤ ነጭ፣ ረጅም፣ የሚያምር። እስከ አፉ ውሃ ተሞልቶ፣ ላዩ ላይ ጣውላ ተጋድሞበት፣ ጣውላው ላይ ጆግ ተቀምጦበታል። የውሃ ፈረቃ ሲደርስ መጀመሪያ የሚሞላው እሱ ነው። “ተኝተህበት ታውቃለህ?” ብለው፣ “ውሃውን የት ላድርገው?” አለኝ።

አንድ ደህና ባኞ ከ150 እስከ 200 ሊትር ውሃ ይይዛል። በእኛ መለኪያ በባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከስምንት እስከ አሥር መሆኑ ነው። እኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ሌሊት ነው። ለባለቤቴ፣ “ዛሬ ስምንት ጄሪካን ውሃ ውስጥ ተኝቼ ሪላክስ ላድርግ” ብላት የምትመልስልኝን መልስ እዚህ ገጽ ላይ መጻፍ አይቻልም።

ሳያውቁ ማማት ነውር ነው ብዬ ግን ቦሌ አካባቢ ካሉት ሱቆች አንዱ ዘንድ ጎራ አልኩ። ከመግባቴ ሽታው ተቀበለኝ። ሠላሳ ዓይነት አበባ በአንድ ጊዜ ሲጮህ አስቡት። ልጅቷ ትሁት ናት።

“ይኼ ምን ያደርጋል?”

“ሪላክስ ያደርጋል።”

“ይኼኛውስ?”

“እሱም ሪላክስ ያደርጋል… ግን እሱ ላቬንደር ነው።”

“ልዩነታቸው ምንድን ነው?”

ጠርሙሱን ገልበጥ አድርጋ ዋጋውን አየችና፣ “ይኼኛው ወደድ ይላል” አለችኝ።

በእሷ አልፈርድም። እሷም ቤት ባኞ የለም። የምፈርደው ጠርሙሱ ላይ ባለው ጽሑፍ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ “ሰላም”፣ “እርጋታ”፣ “ጸጥታ” የሚል ቃል በትልቁ ተጽፏል። ጀርባው ላይ ደግሞ ጉንዳን በምታክል ፊደል የተሠራበት ነገር ተዘርዝሯል። እዚያ መካከል “ፓርፉም” የምትል አንዲት ቃል አለች። ይህቺ ቃል ከረጢት ናት፤ ውስጧ በርካታ ዓይነት ንጥረ ነገር ሊታጨቅ ይችላል፣ አምራቹም ሁሉንም በስም የመዘርዘር ግዴታ የለበትም። የአውሮፓ ኅብረት ለዓመታት በየስማቸው እንዲጻፉ ያስገድድ የነበረው ቆዳ የሚያስቆጡ 26 የሽታ ቅመሞችን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ ዝርዝሩን ከ80 በላይ አድርሶታል። እኛ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለው ጠርሙስ ግን በየትኛው ደንብ እንደተሠራ የሚጠይቅም፣ የሚመልስም አላየሁም። ቆዳው የሚያሳክከው ሰው ደግሞ “ሽታ የለውም” የሚለውን ጽሑፍ አይቶ እፎይ እንዳይል። አንዳንዱ ሽታ የለሽ የሚመስለው መጥፎ ሽታውን የሚሸፍን ሌላ ሽታ ስለተጨመረበት ነው። የሚፈለገው ጭራሽ ሽቶ ያልተጨመረበት ነው።

ኳሷ ደግሞ አለችላችሁ። ውሃ ውስጥ ሲጥሏት ፍስስስ ብላ እየተሽከረከረች ቀለም ትረጫለች። ልጆች ቢያዩአት ያብዳሉ። ምስጢሯ ግን ወጥ ቤት ያለ ነው፤ ኬክ የሚያስነሳው ሶዳና ሎሚን ሎሚ የሚያደርገው ሲትሪክ አሲድ ናቸው። ሁለቱ በደረቁ ተጠፍጥፈው ይቆዩና ውሃ ሲያገኙ ይጣላሉ፤ የሚንፈቀፈቀው ጋዝ አምቦ ውሃ ውስጥ ያለው ራሱ ነው። የሠራቻት ሞ ኮንስታንታይን የምትባል እንግሊዛዊት ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1989። ኋላ “ለሽ” የተባለውን ኩባንያ ከመሠረቱት አንዷ ሆናለች። ጨዋታ ነው፣ ደስ ይላል። “ነርቭ ያረጋጋል” ሲሉኝ ነው የማልስማማው። አምቦ ውሃ ውስጥ ቁጭ ማለት ነርቭ የሚያረጋጋ ቢሆን ኖሮ አምቦ ከተማ ውስጥ ቁጡ ሰው ባልተገኘ ነበር።

ጨውም እንደዚሁ። ከእንግሊዟ የኤፕሰም ከተማ ስሙን ያገኘው ይህ ጨው የወጥ ጨው አይደለም፤ ማግኒዥየም ሰልፌት ነው። አንድ ሁለት ኩባያ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ሲዘፈዘፉበት የደከመ እግር ቀለል ይላል ይባላል፣ ቀለል ያላቸውም አሉ። ማግኒዥየሙ በቆዳ ሰርጎ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ጭንቀት ያባርራል የሚለው ግን ማስረጃው ሳሳ ያለ ነው። አረፋው ደግሞ አረፋ ነው። ከብዛቱ ጋር የቆዳን የተፈጥሮ ቅባት ይዞ ይሄዳል፤ አረፋ ውስጥ ብዙ የቆዩ ሕፃናት ሽንት ሲሸኑ ቢያቃጥላቸው ቡዳ አይደለም።

ሻጮቹ ይህን ሁሉ ሲነግሯችሁ “ኦርጋኒክ ነው፣ ከተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም” ይላሉ። ጤና አዳምም ከተፈጥሮ ነው። ቡና ላይ ጣል ስናደርገው እሰየው፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። ተፈጥሮ ማለት እናት ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ እንጀራ እናት ነው።

ያቺ ልጅ በመጨረሻ ያሳየችኝን ብነግራችሁ። አውራ ጣት የምታክል ጠርሙስ፣ “ፍራንክንሰንስ” የሚል የተጻፈባት። “ይቺ ከሁሉም ትበልጣለች፣ ባኞ ውስጥ ጠብ ጠብ ያደርጓታል” አለችኝ። ዋጋዋ የአንድ ወር የውሃና የመብራት ሒሳቤን ይከፍላል። ፍራንክንሰንስ ማለት እጣን ነው! የእኛው እጣን! ከመተማ፣ ከሁመራ፣ ከትግራይ በረሃ ዛፉ እየተላጠ የሚለቀም፣ ተጭኖ ወጥቶ፣ ተነጥሮ፣ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ፣ ስሙን ቀይሮ የመጣ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው። መዳቡም ቢሆን ላይቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት የእጣን ዛፎቻችን አርጅተው ተተኪ ችግኝ እያጡ መሆኑን፣ በዚህ አያያዝ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊወርድ እንደሚችል ጽፏል። እኔ ይህን እያሰብኩ ቆሜ ልጅቷ፣ “ልጠቅልልዎት?” አለችኝ።

እንግዲህ ሁሉንም አጣጥዬ እንዳልጨርስ አንድ እውነት ልናገር። መዘፍዘፍ ራሱ ውሸት አይደለም። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ከ5 ሺህ በላይ ጥናቶችን አበጥረው ያወጡት ጽሑፍ አለ። ሰው ከመተኛቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ከ40 እስከ 42.5 ዲግሪ በሆነ ውሃ ቢታጠብ በአማካይ 10 ደቂቃ ያህል ፈጥኖ እንቅልፍ ይወስደዋል ይላል። ምክንያቱ ሙቀቱ ደምን ወደ እጅና ወደ እግር ይስባል፤ ከዚያ በኋላ ውስጣችን ቀዝቀዝ ይላል፣ ሰውነትም “አሁን የመኝታ ሰዓት ነው” ብሎ ይረዳል። ልብ በሉ፣ ሥራውን የሠራው የውሃው ሙቀት ነው። ላቬንደሩ አይደለም፣ ኳሷም አይደለችም። ሳፋ ውስጥ እግር ብቻ ነክሮ መቀመጥም ወደዚያው ይወስዳል። ልብ ሕመም ያለበትና ነፍሰ ጡር ግን በጣም ከሞቀ ውሃ ይራቁ።

ይህን ሁሉ የት አወቅኸው ብትሉኝ፣ ግማሹን ከንባብ ነው። ግማሹን ያስተማረችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩትም በእሷ ምክንያት ነው፤ ቅርጫቷን ያስቀደምኩት መግቢያው ስለቸገረኝ ነው።

እህቴ በ2011 ዓ.ም. ሪያድ ሄዳ በ2017 ዓ.ም. ተመለሰች። ስትመለስ ከያዘቻቸው ሻንጣዎች አንዱ ሲከፈት ቤቱ በሽታ ተሞላ። ጨው፣ ኳስ፣ አረፋ፣ ዘይት። ግማሾቹ ጠርሙሶች የተጀመሩ ናቸው፤ የሥራ ቤቷ እመቤት፣ እነሱ “ማዳም” የሚሏት፣ ስትሰናበት የሰጠቻት ነው። ከውጭ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይገባምና የሠፈሩ ሴቶች በየተራ መጥተው እንኳን ደህና መጣሽ እያሉ አንድ አንድ ይዘው ሄዱ። ከዚያ በኋላ የሆነው ለአንድ ቴአትር ይበቃል። እትዬ ጎረቤታችን ኳሷን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጡ፣ ለብል መከላከያ። ሌላዋ ጨውን “የውጭ ጨው ነው” ብላ ወጥ ልትሠራበት ስትል ልጇ ደርሳ አስጣለቻት፤ ያ ጨው ሆድ የሚያስቀምጥ መሆኑን ሳውቅ ለቤተሰቡ አንድ ቀን ያህል ደነገጥኩላቸው። አንዷ ደግሞ ዘይቱን ሽቶ መስሏት አንገቷን በጥሬው ቀብታው በማግስቱ አንገቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ መጣች።

ያን ጊዜ ነው እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን የከፈተችው። ከመጣች ሁለት ሳምንት ብዙ አትናገርም ነበር። ሴትዮዋን አስቀምጣ እንደ ሐኪም ታስረዳት ጀመር። “ይኼ እንዲሁ አይቀባም። ውሃ ላይም እንዲሁ አይፈስም፣ ዘይት ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሄዶ ገላሽ ላይ ነው የሚለጠፈው። መጀመሪያ በሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት ውስጥ አምስት ስድስት ጠብታ ታደርጊያለሽ፣ ከዚያ ትበጠብጪዋለሽ፣ ከዚያ ባኞው ከሞላ በኋላ ነው የምትጨምሪው። ቀድመሽ ከጨመርሽው ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል። ስትወጪ ደግሞ ያንሸራትታል፣ እግርሽ ሥር ፎጣ አንጥፊ። ከሁሉ በፊት ግን ክንድሽ ላይ በውስጥ በኩል ትንሽ ቀብተሽ አንድ ቀን ጠብቂ።”

እማዬ አፏን ከፍታ ታያታለች። እኔም እንደዚያው።

“ከየት ተማርሽው?” አልኳት።

“ሐሙስ ሐሙስ ነው” አለችኝ።

እዚያ ሀገር የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው። ስለዚህ ማዳም ሐሙስ ማታ ትዘፈዘፋለች። ለስድስት ዓመት፣ በየሐሙሱ፣ ባኞውን የምታዘጋጀው እህቴ ነበረች። ቀዝቃዛው ውሃ ቀድሞ፣ ሙቁ ተከትሎ። ልኬቱ በክርን፤ ክርን ሳይደነግጥ ሲቀበለው ልክ ነው። ጨው ከሆነ እስኪሟሟ በእጅ ማማሰል። አረፋ ከሆነ ከቧንቧው ሥር ማፍሰስ። ሽታ ለመምረጥ ከሁለት ጠርሙስ በላይ አለማሽተት፤ አፍንጫ ሲደክም ሁሉም አንድ ይሆናል። ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ቆዳዋ ይደርቃል። በሩ ውጭ ፎጣ ይዞ መቆም። ማዳም ስትወጣ ውሃውን መልቀቅ፣ ባኞውን ፈግፍጎ ማድረቅ፣ ጠርሙሶቹን ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙሮ መደርደር።

“አንቺስ?” አልኳት፤ ሞኝ ጥያቄ መሆኑን እያወቅሁ።

“እኔማ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ቧንቧና ባልዲ አለኝ” አለች። “ማዳም ክፉ አልነበረችም ጋሼ። እዚያ ግቢ ብባል ምንም አትለኝም ነበር። እዚያ ግቢ ያለኝ ግን የለም።” ትንሽ ዝም አለችና ሳቀች። “አንዴ ግን ለዑምራ መካ ሲሄዱ ቤቱን ለብቻዬ ሳጸዳ ባኞው ውስጥ ገብቼ ተኝቻለሁ። ደረቁን። ከነልብሴ። ውሃ ብከፍት ድምፁ የሚሰማ መሰለኝ።”

“ማን ይሰማሻል? ሄደዋል አላልሽም?”

“አላውቅም” አለች።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። እነዚያን ስድስት ዓመታት ስልክ እደውልላት ነበር፣ ብዙውን ጊዜ ሐሙስ ማታ፤ እኔ ከሥራ የምፈታው ያን ሰዓት ነው። አንዳንዴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ጋሼ ቆይ፣ ውሃ እየሞላሁ ነው” ትለኝ ነበር። እኔ ከጀርባ የውሃውን መውረድ እሰማለሁ። አንድም ቀን “ለማን?” ብዬ አልጠየቅኳትም። የኮንዶሚኒየሙን ክፍያ፣ የእማዬን መድኃኒት፣ የልጄን የትምህርት ቤት ገንዘብ ነበር የማነሳው። እሷ፣ “እሺ፣ በሳምንቱ እልካለሁ” ትላለች፤ ከዚያ ውሃው ይዘጋል፣ ስልኩም ይዘጋል። ይቺ ክርን በር የምታስንኳኳ ሻወራችን የተሠራችው በዚያ ብር ነው።

ሻንጣው ውስጥ ካሉት አንዷን ለራሷ ያስቀረች መስሎኝ ነበር። የለም። ሁሉንም ሰጥታለች። ላቬንደሩን ጎረቤት ስትወስደው ደስ አላት። “ሽታው ሐሙስ ሐሙስ ይለኛል፣ ወገቤን ያመኛል” አለችኝ። ይኼኔ ነው የቦሌዋ ልጅ ትዝ ያለችኝ፤ “ሪላክስ ያደርጋል” ያለችው ያንኑ ጠርሙስ ነው። አንዷን የሚያስተኛ ሽታ ሌላዋን ተነሺ ይላታል። ሽታ ከሰው ትዝታ ተነጥሎ ጠርሙስ ውስጥ የሚታሸግ ነገር አይደለም፣ ቅርጫቷን የሚሸጡልን ሰዎች ግን እንደሚታሸግ አድርገው ነው የሚነግሩን። ባኞውንም፣ ውሃውንም፣ ውጭ ፎጣ ይዛ የምትቆመውንም ሴት ስዕሉ ላይ አያሳዩንም። ስዕሉ ላይ ያለችው አንገቷን ደገፍ ያደረገች፣ የምትስቅ ሴት ብቻ ናት። ውሃውን ማን ሞላላት?

እማዬ ላቬንደሩን አሽትታ የሰጠችው ፍርድ ደግሞ ሌላ ነው። “ይኼማ የአሪቲ ታናሽ ወንድም ነው” አለች። ለእማዬ መታጠብና ሽታ ማለት ፍልውሃና ወይባ ናቸው። ልጅ ሆኜ የበዓል ዋዜማ ሲሆን ፎጣና ሳሙና በፌስታል አድርጋ ፍልውሃ ትወስደኝ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ይታጠቡበት የነበረው፣ ቤት ይሠራልኝ ብለው በ1879 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ መቆርቆር ምክንያት የሆነው ያው ፍልውሃ መሆኑን ያኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው ወረፋውን ነው። ረጅም አግዳሚ፣ የሚያስል ሽማግሌ፣ የእንፋሎት ሽታ። ገብተን ገና ውሃውን ሳንለምደው በሩ ይንኳኳል። “ሰዓት ደርሷል!” እማዬ፣ “መጣን፣ መጣን” እያለች ጀርባዬን በጥድፊያ ታሸኛለች። ከተማዋ በፍልውሃ ተቆርቁራ በፍልውሃ ውስጥ ያረፈ ሰው ጥቂት ነው።

ወይባውን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ የሴቶች ነው፣ እኔ የማውቀው ከበር ውጭ ያለውን ነው። ጉድጓድ ውስጥ እንጨቱ ይጨሳል፣ እማዬ ጋቢና ብርድ ልብስ ደራርባ ላዩ ላይ ትቀመጣለች፣ ላቡ ይወርዳል፣ ስትወጣ ቆዳዋ ጠይም ወርቅ ይመስላል፣ ሽታው ለቀናት ቤቱን አይለቅም። በዘመናዊ ስፓ ስም አሁን ወይባ የሚሸጡ ቤቶች በየሠፈሩ ተከፍተዋል፤ ዋጋውም አብሮ ዘምኗል። ደግ ነው። ግን ያንን ከሰል የሞላ ጠባብ ክፍል መስኮቱን ዘግተው የሚያጥኑ ካሉ፣ የጭሱ መርዝ ሽታ እንደሌለው ቢያውቁ ጥሩ ነው። የእማዬ ወይባ የነበረው ደጅ ነው፣ ማጀቱ ጥግ፣ ከላይ ሰማይ። ከጭሱ የበለጠ ያሳረፋት አንድ ነገር እንደነበር ግን አሁን ይገባኛል። ወይባ ላይ ሳለች ማንም አይጠራትም። አባቴ እንኳ “ወይባ ላይ ናት” ከተባለ ቡናውን ራሱ ይቀዳ ነበር።

ባለፈው ወር እህቴንና እማዬን ይዤ ደብረ ዘይት ወረድኩ። አንድ ሆቴል፣ ባኞ ያለው ክፍል። ደውዬ፣ “የእውነት ባኞ ነው? ሙቅ ውሃ አለው?” ብዬ ሦስቴ ስጠይቅ ልጁ ሙሽራ መስዬው እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። እማዬ ነገሩን ስትሰማ፣ “እኔ ጥሬ ባቄላ ነኝ እንዴ የምዘፈዘፈው?” አለች። እሷ ሐይቁን እያየች ቡና ልትጠጣ ነው የመጣችው። ስለዚህ እህቴ ገባች። ይዛ የገባችው ምንም የለም፤ ቅርጫቷን ይዤላት ነበር፣ ያቺን ባለ መርፌዋን፣ አየችና ወንበሩ ላይ ተወችው።

የውሃው መውረድ ተሰማ። ቀዝቃዛው፣ ቀጥሎ ሙቁ፤ ድምፃቸው ይለያል። ከዚያ ዝም አለ። ደስ አለኝ። እማዬን በዓይኔ ጠቀስኳት። አሥር ደቂቃ ያህል ቆየና የውሃው መፍሰስ ተሰማ። ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን ድምፅ መጀመሪያ አልለየሁትም። ፈግ፣ ፈግ፣ ፈግ ይላል። ባኞውን እየፈገፈገች ነው። እጄን በር ላይ ላነሳ ስል እማዬ፣ “ተው፣ አታንኳኳባት” አለችኝ።

እህቴ ወጣች። ፀጉሯ ደረቅ ነው። “ንጹሕ ሆኗል፣ አሁን እማዬ ትግባ” አለች።

እማዬ የቡና ስኒዋን አስቀመጠች። ከቦርሳዋ ፌስታል አወጣች፤ ውስጡ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ የታሰረ አሪቲና ጠጅ ሳር ነው። ለካስ ባቄላነቱን አስባበት ነበር። “ነይ፣ ጀርባሽን ልሽልሽ” አለቻት። “እማዬ እኔኮ ጨርሻለሁ…” “ነይ ብያለሁ!” አለች፤ ፎጣውን ከእጇ ነጥቃ ወደ ውስጥ አስገባቻት። በሩን ከመዝጋቷ በፊት ወደ እኔ ዞረች። “አንተ ወንበር ይዘህ ውጣና ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥ። ማንም እንዳያንኳኳ።”

ወንበሩን ይዤ ወጣሁ። ቁጭ ብዬ ሳለሁ የክፍል ጽዳቷ ልጅ ፎጣ ታቅፋ መጣች። “ልቀይርላችሁ?” አለችኝ። “ቆይተሽ ነይ” አልኳት። ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ አላት መሰለኝ፣ ሰዓቷን አየች። ወንበሬን ለቅቄ፣ “አረፍ በይ እስኪወጡ” ብላት፣ “አይ፣ እቆማለሁ” አለችኝ። ሁለታችንም ቆምን። ከውስጥ ውሃው እየሞላ ነው።